ዓሣዎቹ በልተዋል

የዛሬው ጨዋታዬ ስለሚበላ ዓሣ ነው። አደራ «በ»ን አላልታችሁ አንብቡልኝ! አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ነገሩ ጎርጎራ ይወርድና በሚጥሚጣ ተለውሶ፣ ተጠብሶ ይመጣል። እኔ የማወራችሁ አፉን ከፍቶ ራሱ ስለሚበላው ነው። ጎንደር፣ እኛ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ 60 ሊትር ውኃ በሚይዝ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ስለሚኖሩ ሦስት ጎልድፊሾች።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበሉት? ምንድን ነው የሚበሉት?» እቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ ገና ወንበር ሳይስብ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል አይደል? እኛ ቤት ግን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ጥያቄ ያልተጣላ ሰው የለም። እናቴ ከእኔ ተጣልታበታለች፣ ከአባቴ ተጣልታበታለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ ከሁላችንም።

ሳጥኑን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። አባባ ከአስተማሪነት ጡረታ ወጡ፣ ቀጥሎ ስኳር ተገኘባቸው፣ ቀጥሎ ዝም አሉ። አርባ ልጅ ፊት ቆሞ ሲናገር የኖረ ሰው ከግድግዳ ጋር ሲቀመጥ ማየት ከባድ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፣ «ቢያንስ የሚንቀሳቀስ ነገር ይዩ» ብሎ አምስት ዓሣ ገዛ። ዓሣዎቹ በሁለት ፌስታል ውኃ ውስጥ ሆነው ዓባይን ተሻገሩ፣ ከወንድሜ ጋር ባሕር ዳር አድረው በማግስቱ ጎንደር ገቡ። ሻጩ አንድ ቁም ነገር ነግሮት ነበር። ከመንገድ በፊት አንድ ቀን ሙሉ እንዳይበሉ። የበላ ዓሣ ያንኑ ፌስታል ያቆሽሸዋል፣ ከዚያ በራሱ ቆሻሻ ታፍኖ ይሞታል። ጾመው ስለመጡ አምስቱም በሕይወት ደረሱ።

እማዬ ስታያቸው የመጀመሪያ ቃሏ «ውይ! እነዚህ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም?» የሚል ነበር።

እንግዲህ የኔን እናት ማወቅ አለባችሁ። (የእናንተም እናት ያው ናት።) «በላህ?» ሲሉህ «እንዴት ነህ?» ማለታቸው በሆነበት አገር ያደገች ሴት ናት። እንግዳ በቃኝ ካለ ጉርሻው ገና መጀመሩ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል፣ ሦስት ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው። ዓሣዎቹ ደግሞ ሰው ለመዱና መለመን አወቁ። አንድ ሰው ወደ ሳጥኑ ሲጠጋ ሦስትም አምስትም ሆነው መስታወቱ ላይ ይለጠፉና አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። ጎልድፊሽ የሚያበላውን ሰው ለይቶ ያውቃል፤ ምግብ ያለበትን ጊዜም ይለምዳል። ይህንን የምትመለከት እናት ምን ታደርጋለች? እንጀራ ትፈረፍራለች። ዳቦ ትቆርሳለች። አንድ ቀንማ ገንፎ ጣል አድርጋላቸዋለች፤ ያለ ቅቤ መሆኑ ነው ደጉ።

እኔ ለሥራ ከከተማ ወጥቼ በአሥር ቀኔ ስመለስ ውኃው አሬራ መስሎ ጠበቀኝ። ሁለቱ ሞተዋል። እማዬ እያዘነች «አብልቻቸው ነበር እኮ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሎን ውስጥ ያለ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ በረሃብ አይሞትም፤ የሚገድለው የተረፈው ምግብ ነው። ያልተበላው እንጀራ ከታች ተኝቶ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ ያ ያረጀ ሽንት ቤት ስትገቡ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር ማለት ነው። ዓሣው ራሱም በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ ብዙ በበላ ቁጥር ብዙ ያስወጣል። ወንዝ ውስጥ ቢሆን ውኃው ጠርጎ ይወስደው ነበር፤ 60 ሊትር ውስጥ ግን የት ይሄዳል? መልሶ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥለዋል። ደግነቱ ይህንን አሞኒያ እየበሉ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ማጣሪያው ስፖንጅ ላይና ጠጠሩ ላይ ነው የሚኖሩት። አዲስ ሳጥን ውስጥ በደንብ እስኪራቡ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የእማዬ ገንፎ የገባው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውኃ ልቀይር ብትሉ ደግሞ የቧንቧችንን ነገር ታውቁታላችሁ፤ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ጀሪካን ሞልታችሁ፣ ክሎሪኑ እንዲተን ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ቀን ማሳደር አለባችሁ። እኛ ቤት አሁን «የሰው» እና «የዓሣ» የሚባል ጀሪካን አለ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል ልውሰዳችሁ። ባዮሎጂ ያጠና አንድ ጓደኛዬ ሳጥኑ ፊት ቡና እየጠጣ «እነዚህ እኮ ሆድ የላቸውም» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ጎልድፊሽ እኛ እንዳለን ዓይነት ምግብ የሚያጠራቅም ጨጓራ የለውም፤ ከጉሮሮ ቀጥታ ወደ አንጀት ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስም የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ማደር የተፈጥሮው አይደለም። ቀኑን ሙሉ መሬት እየለቀመ፣ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ የሚውል ፍጡር ነው። «በቃኝ» የሚልበት ከረጢት ስለሌለው በሰጣችሁት ቁጥር ይበላል።

ይሄ ቤተሰብ ደግሞ ሩቅ አይደለም። የጣና ነጭ ዓሣ የጎልድፊሽ ዘመድ ነው! እሱም ጨጓራ የለውም፣ እሱም መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር መጥቶ ነበር፤ የጣናን ዓሣዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መጽሐፍ የመዘገበውም እሱ ነው። ዛሬ በዓለም ካሉ የዓሣ ስሞች መካከል «ደምቤንሲስ» የሚል አለ፤ የኛው ደንቢያ ነች። «ጎርጎሬንሲስ» የሚልም አለ፤ እሱን መቼም መተርጎም አያስፈልገኝም።

በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 15 ያህል ናቸው፤ የተለያዩትም በዋናነት በምግብ ነው። አንዱ ሐይቁ መካከል የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ያጣራል። ጎርጎሬንሲስ ቅጠልና ቀንድ አውጣ ይወዳል። አንዱ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል (እንደኔ)። ስምንቱ ግን ዓሣ በሎች ናቸው። ይሄ ባለሙያዎቹን ያስገረመ ነገር ነው፤ ጥርስ የለህም፣ ጨጓራ የለህም፣ ጉሮሮህ ጠባብ ነው፣ በምን አቅምህ ነው ዓሣ የምትበላው? በሌላው ዓለም በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዓሣ አዳኝ ብርቅ ነው። ጣና ላይ ግን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ከታችኛው ዓባይ ተቆርጠው ስለቀሩ፣ ሌላ ተፎካካሪም ስላልበዛባቸው፣ አንዱ ማዕድ ላይ ቦታ ተከፋፍለው ተቀመጡ።

ማዕዱ ግን እየሳሳ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ሰውም ወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ ብርብራ ፈጭቶ ውኃው ላይ የሚበትንም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ የእነዚህ ዓሣዎች ቁጥር በሦስት አራተኛ ገደማ እንደወረደ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ። እኛ ሳሎን ሦስት ዓሣ እንዳይሞት እንጨቃጨቃለን፣ ከዚህ ወደ ደቡብ ጥቂት ወረድ ብሎ…

ተዉት፤ ወደ ሳሎናችን ልመለስ።

ስንት ጊዜ? ላደገ ጎልድፊሽ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሙልጭ አድርጎ የሚጨርሰው ያህል ብቻ። ጫጩት ከሆነ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። የተረፈውን ወዲያው ማውጣት። ይኸው ነው። አንድ ነገር ግን የአገራችን ነው፤ ብርዱ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አይደለም። ዓሣ ሰውነቱ የሚሞቀው በውኃው ልክ ስለሆነ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ መፈጨቱም ይዘገያል። በእነዚያ ወራት በቀን አንዴ፣ ያውም ቀትር ላይ ውኃው ሲሞቅ ይበቃዋል። ደባርቅ ላይ የምትኖሩማ ከዚያም ቀንሱ። ውድ ውድ ቀለም ያላቸው የሞቃት አገር ዓሣዎች ያማሯችሁ ካላችሁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆኑ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ምን? በቆርቆሮ የሚሸጠው ፍሬ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ውኃ ውስጥ ነክሮ መስጠት ነው። ደረቁን ከዋጡት ውስጣቸው ገብቶ ያብጣል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለጎልድፊሽ ከሚመከሩት ምግቦች አንዱ ከእማዬ ጓዳ መገኘቱ ነው። አተር! ተቀቅሎ፣ ልጡ ተልጦ፣ በጣት ተጨፍልቆ። ሆድ ድርቀት ይዞት ጎኑን ሰጥቶ የሚንሳፈፍ ዓሣ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ጾሞ በማግስቱ አተር ሲበላ ይስተካከላል። የተቀቀለ ቆስጣም ይወዳሉ። ከጓሮ የተቆፈረ ትል ታጥቦ፣ ተቆራርጦ ከተሰጣቸውማ ሰርግ ነው።

ለዓሣ ከሁሉ የሚጥመው ግን የትንኝ እጭ ነው፤ ክረምት ላይ በርሜል ውስጥ የሚወራጨው። ይህንን ለአባባ ስነግራቸው ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አስተማሪ ተቀምጠው አስተማሩኝ። ደንቢያ በ1945 ዓ.ም. አካባቢ በወባ ወረርሽኝ ወደ ሰባት ሺህ ሰው እንደረገፈባት፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ (የዛሬው ዩኒቨርሲቲ) እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው በዚያ ጥላ ሥር እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሰብ ወደብ ላይ እዚያው አገር የሚገኝ ትንሽ ዓሣ የትንኝ እጭ እንዲበላ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተለቆ ተሞክሯል፤ ውጤቱም በ1992 ታትሟል። አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ የበርሜሉ ኃላፊ ሆኑ። በየጠዋቱ በሻይ ማጥለያ እጭ ያጠልላሉ፤ አንድም ትንኝ ሆኖ እንዳያመልጥ ይቆጥራሉ ልበል?

የአባባ ነገር ከተነሣ፣ የስኳር ሐኪማቸው «ጥቂት ጥቂት፣ በሰዓቱ» ነው ያላቸው። ያው የዓሣዎቹ ትእዛዝ! መድኃኒታቸውን የምናስቀምጥባት ሰባት ክፍል ያላት ፕላስቲክ ሳጥን አለች፤ ከሰኞ እስከ እሁድ። ለዓሣዎቹም እንደሷ ያለች ገዛሁና በየክፍሉ የቀን ቁንጥጫቸውን አስቀመጥኩ። የማክሰኞው ክፍል ባዶ ከሆነ በልተዋል ማለት ነው፣ ማንም አይጨምርም። በዚህች ዘዴ ገንፎ ከሳጥኑ ተባረረ። ለአባባም እንዲሁ የሚሆን መስሎኝ፣ እማዬ «አንቱ፣ ይቺን ብቻ» እያለች የምትጨምረውን እንጀራ መቁጠር ጀመርኩ። ማር የተቀባ ዳቦ በሻሽ ተጠቅልሎ ሲገባ ሁለት ጊዜ ይዣለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም አባባ ማንንም ሳይሰሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሙ፤ መርፌያቸውን ግን ጠዋት ወግተዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ የሚናገሩት ተዘበራረቀ። እኔ ስልክ ስፈልግ እማዬ ጓዳ ገብታ ወጣች። ራሳቸውን ደግፋ፣ በማንኪያ ማር፣ «አባ፣ ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ» እያለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙም የነፍስ አባታችንም በየተራ ተቆጥተዋቸዋል፤ አሁን አይጾሙም። ያን ዕለት ማታ እማዬ ዓሣዎቹ ፊት ቆማ «አየህ፣ ምግብ ገደለ ትላለህ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። እንጀራ መቁጠሩን ግን ተውኩት፤ አባባ ራሳቸው ይቁጠሩ።

ጎረቤታችንስ? እትዬ የጃን አሞራ ሰው ናቸው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ጃን አሞራ፣ በየዳና ጠለምት በድርቅ ሲጎዱ ዘመዶቻቸው እሳቸው ዘንድ መጥተው ተጠልለው ነበር። አንድ ቀን ቆርቆሮውን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «አንተ ልጅ፣ ይሄ በገንዘብ ነው የሚገዛ?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። ሌላ አልተናገሩም። አንድ ቆርቆሮ ስድስት ወር እንደሚያገለግል፣ ዋጋው ከሁለት ኪሎ ሥጋ እንደሚያንስ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፣ ግን አፌ ላይ ቀረ። የሰው ልጅ ሥራ ፈትቶ ዓሣ ሲያበላ የሚውለው ሌላው ከጠገበ በኋላ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን፤ ብቻ እትዬ ያሉትን የሚመልስ ሒሳብ አላገኘሁም። እማዬ በማግስቱ ሽምብራ ሰፍራ ላከችላቸው፤ ለኔ ግን ምንም አላለችኝም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነበረ። ክልሉ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ እኔ አዘዞ አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ ተኩሱ ሲጀምር እዚያው ቀረሁ። መንገድ የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ስልኩ ሲፈልግ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን እማዬን አገኘኋት። «በላህ?» አለችኝ። በላሁ አልኳት። አክስቴ መብላቷን ጠየቀች፣ የአክስቴ ልጆች መብላታቸውን ጠየቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቆርቆሮው አልቋል፣ ሱቅም ዝግ ነው፤ ምን ላርጋቸው?» አለችኝ። ደጅ ያ ሁሉ እየሆነ! «ምንም አትስጫቸው እማዬ፣ ጤነኛ ዓሣ አንድ ሳምንት ከዚያም በላይ ሳይበላ ይቆያል፣ አይሞቱም» አልኳት። ዝም አለች። «እርግጠኛ ነህ?» አለች። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። መስመሩ ተቋረጠ። በሰባተኛው ቀን ቤት ስገባ ሦስቱም መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውኃው እንደዚያን ዕለት ጠርቶ አላየሁትም። ጓዳ ውስጥ ግን አንድ ሰሐን የተላጠ አተር ተቀምጦ ነበር፤ ትንሽ እንኳ አልተነካም።

አሁን እማዬ የራሷን ሥርዓት ሠርታለች። ዓሣዎቹ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ሰው ቢስቅባትም ሳይንሱ ከሷ ጋር ነው፤ ላደገ ጎልድፊሽ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ባዶ መዋል ምንም አያደርገውም፤ ማጣሪያውም ያርፋል። ከሁለቱ ሳጥኖች የዓሣዎቹ ላይ «ረቡዕ» እና «ዓርብ» የሚሉት ክፍሎች ባዷቸውን ናቸው። የአባባው ግን ሰባቱም ሙሉ ነው። ትንሽ ክርክር የተነሣው የዘንድሮው ሑዳዴ ሲቃረብ ነው፤ እማዬ «ትል ጥሉላት ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኳት። ጥሉላት ነው ብላ ወሰነች፣ የበርሜሉንም እጭ ከትሉ ጋር ደመረችው፤ ሃምሳ አምስቱንም ቀን በፍሬ፣ በአተርና በቆስጣ ሊከርሙ ነው። አባባ ስለ እጩ አጉረመረሙ፣ ግን ተቀበሉ። የቆርቆሮው ፍሬ አብዛኛው የዓሣ ዱቄት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ጉዳይ ደግሞ እኛ ሰፈር እንዴት እንደሚያከራክር ታውቃላችሁ፤ በቆርቆሮው ጎን ላይ የተጻፈውን እስካሁን ያነበበላት ሰው የለም።